የባሕሩ መስኮት

ሽማግሌው ሴራፊን የሞተው ጣሪያው ሳይነቃነቅ ነው፤ ነገሩን ሁሉ ያወሳሰበውም ይኸው ነው። በካሌታ ሶላ፣ በዚያች የኩባ የባሕር ዳር ከተማ፣ ትናንት ያለፈው አውሎ ነፋስ የግማሹን ሰው የቤት ክዳን ገፎ ወስዷል። የሰማንያ ዓመቱ ጀልባ ሠሪ ቤት ግን አንድ ቀይ ሸክላ ሳይጎድልበት እንደቆመ ነው። ባለቤቱ ደግሞ በሰፊዋ ክፍል፣ ከድንጋዩ የውሃ ገንዳ ሥር በጀርባው ተዘርሮ፣ ራስጌው አጠገብ የተሰበረ ግራጫ የሲሚንቶ የጣሪያ ክዳን ወድቆ ተገኘ።

መቶ አለቃ ብሪሂዳ አልሜናሬስ በሩ ላይ ቆማ የጫማዋን ጭቃ ስታራግፍ የሰፈሩ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

«ነፋስ ነው የገደለው» አለ አንዱ።

«ነፋስ ምን አደረገ! ጥላው የሄደችው ልጁ ናት እንጂ» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ልጅቷ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ብሪሂዳ ዓሣ አጥማጅ ያሳደጋት፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ አንድ ጉልበቷ አልታጠፍ ያለ ሴት ናት። ምርመራ ከመማሯ በፊት ነፋስን ተምራለች። ሰው የራሱን ሥራ ነፋስ ላይ ሲያላክክ ደግሞ ደሟ ይፈላል። ከኪሷ የዘይቱን ፍሬ ጣፋጭ ቁራጭ አውጥታ አፏ ውስጥ ጣለችና ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች።

ያስጠራቻት ወጣቷ ሐኪም ያሚሌ ነበረች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጓድ መቶ አለቃ፣ ክዳኑ ላይ ደም የለም፤ አንድ ጸጉር እንኳ የለም» አለች። «ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው። ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው የመታው።»

«እንደ ገንዳው ጠርዝ?»

«ልክ እንደሱ። ደግሞ ወዲያው አልሞተም። ሁለት ሦስት ሰዓት ተንፍሷል።»

«ክሊኒክ ቢደርስስ?»

«ክሊኒኩ ከዚህ ሁለት መንገድ ማዶ ነው» አለች ሐኪሟ። «ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ግን ዕድል ነበረው።»

ብሪሂዳ በሩ ላይ ወደተቀመጠችው ሴት ተመለከተች። የሟች ልጅ ኒየቬስ ናት፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ከፊትና ከኋላ ትወዛወዛለች። «ይህን ለእሷ እንዳትነግሪያት» አለች ብሪሂዳ፣ ለሐኪሟ።

ኒየቬስ ሳትጠየቅ ጀመረች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ይጻፍልኝ። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ትናንት በጠዋት ይዣት ወደ ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሄድኩ። አባባን ለመንኩት። ‹ይቺን ቤት እኔ ነኝ የሠራኋት፣ እኔው እጠብቃታለሁ› ብሎ እምቢ አለኝ። እየጎተትኩ መውሰድ ነበረብኝ።»

«ስትወጪ የትኛው መስኮት ነበር ክፍት?»

ኒየቬስ ግራ ገባት። ሰው ሞቶ መስኮት ይጠየቃል? «የጓሮው ነዋ። ነፋሱ ከባሕር ነበር፤ የሚከፈተው ተቃራኒው ነው። በራሴ እጅ ስንጥቅ አድርጌ ከፍቼ ሽብልቅ አስገባሁበት። ካለዚያ ነፋሱ ቤቱን ነፍቶ ክዳኑን ይነቅለዋል። እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።»

«የአውሎ ነፋሱ ዓይን ሲደርስስ የት ነበርሽ?»

ሴትዮዋ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። «የመጠለያውን በር እየደበደብኩ! ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ‹ልቀቁኝ፣ ሮጬ አይቼው ልመለስ› አልኳቸው። ዘበኛው ስም እየጠራ ሰው ይቆጥራል፤ ‹አንድም ሰው አይወጣም› አለ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ለመንኩት። እጄን እዪው።» የሁለቱም መዳፎቿ ጎን አብጦ ጠቁሯል።

ብሪሂዳ የአውሎ ነፋስ ዓይን ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ታውቃለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ በጸጥታው ያወጣህና በተቃራኒው ነፋስ ይቀበልሃል።

ካሲሚሮ የሚባለውን ጎረቤት ጓሮው ማዶ፣ ክዳን አልባ በሆነው ቤቱ ውስጥ ዝናብ የጠጣ ፍራሹን ሲጨምቅ አገኘችው። ከተራራው አገር ወርዶ እዚህ ከሰፈረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከሟቹ ጋር በአንድ አውራ ዶሮ ሰበብ ስድስቱን ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል።

«ያ ክዳን የአንተ ነው» አለችው።

«የኔ ነዋ! ግራጫ የሲሚንቶ ክዳን ያለው እኔ ብቻ ነኝ። ነበረኝ ማለቴ ነው። ዓይኑ ሳይደርስ ገና መንገዱን ሞላው። እኔን ጠርጥረሽ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አልጋ ሥር ነበርኩ። ድመቷ ትመስክር።»

«መስኮትህንስ?»

«ሁሉንም ቸነከርኩት። ሽማግሌው በአጥር በኩል ‹አንተ ግትር፣ አንዱን ክፈት፣ ካለዚያ ክዳንህ ይሄዳል!› ብሎ ጮኸብኝ። በስድስት ዓመት ያናገረኝ ያን ቀን ነው። ሳቅኩበት።» ቀና ብሎ ባዶውን ሰማይ አየ። «የሚሰድበኝ ሰው እንኳ አጣሁ» አለና አፍንጫውን ጠረገ።

የሟቹ ወንድ ልጅ ኦሬስቴስ የአባቱ ጀልባ አጠገብ ነበር፤ ለአባቱ የሬሳ ሣጥን ሳንቃ ይመርጣል። አርባ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው ነው።

«ትናንት የት ዋልክ?»

«ኮረብታው ላይ፣ ቤቴ። ሚስቴና ልጆቼ መጠለያ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ነው መንገዱ ተከፍቶልኝ የወረድኩት።»

«ጀልባዋ በሰባት ገመድ ታስራለች። የሞተሯ መቅዘፊያ፣ ፕሮፔለሯ የት አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የአባባ ነገር፣ ይደብቃል፤ ይረሳል።»

«ሽማግሌው የሚረሳ ሰው አይመስለኝም» አለች ብሪሂዳ። ኦሬስቴስ ሳንቃውን አገላበጠ።

ወደ ቤቱ ተመልሳ ብቻዋን ዞረች። በበሩ ጀርባ ላይ፣ ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ የአየር ግፊት መለኪያውን እያነበበ ቁጥሩን በእርሳስ ጽፏል። ከሥሩ የድሮ አውሎ ነፋሶች ቁጥር አለ፤ የዛሬ አርባ ዓመቱም፣ የዛሬ ስልሳ ዓመቱም። እያንዳንዱ ዓምድ መካከል ላይ አንድ የተከበበ ቁጥር አለው። የዓይኑ ቁጥር ነው፤ ዝቅተኛው። የትናንቱ ዓምድ ግን ከቀኑ ሰባት ተኩል ላይ ቆሟል፤ የተከበበ ቁጥር የለውም።

ከዚያ መስኮቶቹን አየች። የጓሮው መስኮት በመወርወሪያ ተቆልፏል። የባሕሩ መስኮት ስንጥቅ ተደርጎ ተከፍቷል፤ ሽብልቁም እሱ ላይ ነው። ሽብልቁን አውጥታ ልትዘጋው ሞከረች፤ አልነቃነቅ አላት። አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠራችው። ፊቱ እስኪቀላ ገፋው፤ ወይ ፍንክች።

«እሱ እንደዚያ አይሆንም» አለች ኒየቬስ ከበሩ። መጥታ የመዝጊያውን ግራ ጎን ከፍ አደረገችና ታቹን በተረከዟ መታችው። መስኮቱ ተዘጋ። «ማጠፊያው ጠሟል። አባባ ነው ያስተማረን።» መልሳ በዚያው ዘዴ ከፈተችውና ወደ ቦታዋ ሄደች።

ብሪሂዳ ቆማ ቀረች። *ያስተማረን* ብላለች ልጅቷ፤ ምን እንደተናገረች ግን አላወቀችም። መርማሪዋ አዘነች። ወደ ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች፤ መልሱን ስታገኝ የተደሰተችበት ቀን ከእጅ ጣት አይበልጥም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ኒየቬስን፣ ኦሬስቴስን፣ ካሲሚሮን፣ ሐኪሟን። ድምጿን ከፍ ያደረገችው ጎረቤትም ሳትጠራ ገብታ ግድግዳ ተደግፋለች። ማንም አላስወጣትም።

«ክዳኑ በነፋስ ገባ ትላላችሁ» ብላ ጀመረች ብሪሂዳ። «ከዓይኑ በፊት ነፋሱ ከባሕር ነው። የካሲሚሮን ክዳን ወደ መሬት በኩል ይወስደዋል እንጂ ወደዚህ አያመጣውም። ከዓይኑ በኋላ ነፋሱ ከመሬት ዞረ። ያኔ በጓሮው መስኮት ሊገባ ይችል ነበር። ግን የጓሮው መስኮት ተቆልፏል። ጣሪያው ደግሞ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ክዳኑን ሰው ነው ያመጣው። ሰው ደግሞ ከመንገድ ክዳን ሊያነሣ የሚችለው በዓይኑ ጸጥታ ብቻ ነው።»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ካሲሚሮ።

«ዝም በል፣ ነጻ እያወጣሁህ ነው። ኒየቬስ በጠዋት የጓሮውን ከፍታ የባሕሩን ዘግታ ሄደች። ዛሬ የተገላቢጦሽ ነው። ዓይኑ ሲመጣ ነፋሱ እንደሚዞር የሚያውቅ ሰው ቀይሮታል።»

«አባባ ራሱ ነዋ» አለ ኦሬስቴስ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን በሩን እዩት። አባታችሁ ስልሳ ዓመት የዓይኑን ቁጥር ሳይጽፍ አላሳለፈም። ትናንት ሰባት ተኩል ላይ ጻፈ፤ የስምንት ሰዓቱን አልጻፈም። ዓይኑ የደረሰው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መስኮቱ ሲቀየር አባታችሁ ወድቆ ነበር።»

ብሪሂዳ ወደ ባሕሩ መስኮት ጠጋ አለች።

«ካሲሚሮ የራሱን መስኮት እንኳ መክፈት አላመነበትም፤ ክዳኑን ያስበላውም ይኸው ነው። ደግሞ ይህን የባሕር መስኮት ፖሊሱም እኔም አልቻልነውም። ግራውን ከፍ አድርጎ ታቹን በተረከዝ መምታት የሚያውቁት እዚህ ቤት ያደጉ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ በዚያች ሰዓት ሁለት መቶ ሰው እያያት የመጠለያውን በር ትደበድብ ነበር።»

ኒየቬስ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ኦሬስቴስ፣ ተናገር እስቲ። ‹ውሸት ነው› በላት።»

ኦሬስቴስ እጆቹን አየ። «አላሰብኩበትም» አለ። «ነፋሱ ጸጥ ሲል እጄ ሄደ። ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ‹ዓይኑ ሲመጣ መስኮት!› እያለኝ ነው ያደግኩት።»

«ለምን መጣህ?» አለች ብሪሂዳ።

«ለፕሮፔለሩ፤ አባባ ደብቆት ነበር። ከአውሎ ነፋስ ማግስት ባሕሩን የሚጠብቅ የለም። ጀልባዋን ይዤ ልሄድ ነበር፤ ከዚህ አገር ልወጣ። ነፋሱ ሳይብስ መጣሁ፤ ለረጅም ሰዓት ለመንኩት። ‹በዚች ቀፎ ትሰጥማለህ፤ ልጆችህን ያለ አባት አላስቀርም› አለኝ። ገፈተርኩት። አንድ ጊዜ ነው የገፈተርኩት።»

«ትንፋሽ ነበረው?» ጠያቂዋ ኒየቬስ ናት።

ሐኪሟ አንገቷን ደፋች። ብሪሂዳ ነገሩን ልታስቀይር አፏን ከፈተች፤ አልደረሰችም።

«ያቃስት ነበር» አለ ኦሬስቴስ።

«ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ጸጥ ብሎ ነበር። እኔ ያን ጊዜ በር እደበድባለሁ። አንተ እዚህ ቆመህ፣ ትከሻ እያለህ…»

«ከነቃ ይናገራል ብዬ ፈራሁ። ክዳኑን አምጥቼ አስቀመጥኩና ሮጥኩ።»

«ጣሪያውን አትርፈህ አባትህን ጣልከው» አለች ብሪሂዳ፤ ድምጿ ውስጥ የነበረውን ምሬት አልደበቀችውም። እሳት አመድ ወለደ ማለት ይኸው ነው። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። ኦሬስቴስ ሲወጣ እህቱን ቀና ብሎ አላያትም።

ካሲሚሮ ባርኔጣውን አውልቆ በሬሳው ፊት ቆመ። ግድግዳ የተደገፈችው ጎረቤት ወደ ኒየቬስ ጠጋ ብላ እጇን ልትይዝ ሞከረች። «አንቺ ልጅ፣ ይቅር በይኝ፤ አፌ ነው።» ኒየቬስ እጇን ሳብ አደረገች።

ብሪሂዳ በማይታጠፈው ጉልበቷ እየተቸገረች አጠገቧ ተቀመጠች። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይኸው ሁሉም ሰማ። ከእንግዲህ ማንም ጣቱን አይቀስርብሽም።»

«ጠዋት ጥፋተኛ ነበርኩ» አለች ኒየቬስ። «ጠዋት ግን ወንድም ነበረኝ። አባባ በነፋስ ነበር የሞተው። አሁን ንጹሕ ነሽ አልሽኝ። ንጽሕናዬን ምን ላድርገው?»



ኒየቬስ ተነሣች። የባሕሩን መስኮት ግራ ጎን ከፍ አድርጋ፣ ታቹን በተረከዟ መትታ ዘጋችው።