የ«መ» ሁለት ሆዶች

የ«መ» ሁለት ሆዶች ተራ በተራ ወለሉ ላይ ወደቁ። ልጅቷ መቁረጫ ካተሯን አስቀምጣ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ፊደል መሆን በነበረበት ቦታ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ አይጥ የበላው ነው የሚመስለው። ያበላሸችው ሦስተኛ ካርቶን ነበር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትበሳጭ ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብላ ሁለቱን ቁራጮች ለቀመችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ከሦስት ወር ወዲህ እንዲህ ናት። ነገሮች በአጠገቧ ሲያልፉ ታያለች እንጂ አይነኳትም። የሒሳብ ፈተና ሠላሳ ስምንት ስታመጣም እንደዚሁ ነበር፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና እዚያው ረሳችው። ከመጋረጃው ወዲያ የአባቷ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። አልጠራትም፣ እሷም አልሄደችም።

ካርቶኑ የትምህርት ቤት ሥራ ነው። የስምንተኛ ክፍል የእጅ ሥራ ክበብ ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት የጽሕፈት መለማመጃ እየሠራ ነበር። አንዳንዶቹ ካረጀ የብስክሌት ጎማ የውስጡን ላስቲክ እየቆረጡ እርሳስ ላይ የሚገባ መያዣ ያዘጋጃሉ፤ ትንንሽ ጣቶች እንዳይንሸራተቱ ነው። ሌሎቹ የቆርቆሮ ክዳን ውስጥ አሸዋ ይሞላሉ፤ ሕፃኑ መጀመሪያ በጣቱ አሸዋው ላይ ይጽፋል። የእሷ ድርሻ ፊደሎቹን ከካርቶን ላይ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ልጆቹ በቀዳዳው ውስጥ እርሳሳቸውን እየነዱ እጃቸው መንገዱን እንዲለምድ።

ይህ ሥራ ለእሷ የተሰጣት በአባቷ ምክንያት ነው። አባቷ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ከፋርማሲው እስከ ጎማ ጥገናው ድረስ መንገዱ ላይ ካሉት ጽሑፎች ግማሹ የእሱ እጅ ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ጋሽ ታፔላ» ነው የሚለው። የአንደኛ ክፍል ሕፃናቱ አስተማሪ፣ ፊደሎቹን አባትሽ ቢጽፉልንና አንቺ ብትቆርጪያቸው እንዴት ባማረ ነበር ስትላት፣ ልጅቷ ዓይኗን በጨው አጥባ «እሺ፣ ይጽፋል» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

አባቷ አይጽፍም። ከሦስት ወር በፊት አንድ ጠዋት፣ የአንድ ልብስ ሰፊ ታፔላ ላይ ግማሽ ቃል ጽፎ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። እግሩና ምላሱ ቀስ በቀስ ተመለሱለት፤ ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እስኪሻለኝ ለማንም እንዳትነግሩ አላቸው። እጁ የማይሠራ ታፔላ ጸሐፊ የሚፈልግ የለም አለ። ስለዚህ እናቷ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል ትላለች። ሰውዬው ግን ከመጋረጃው ጀርባ ነው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሹን ይውጣል።

ልጅቷ ጓዳ ውስጥ ከተደረደሩት የአባቷ አሮጌ ታፔላዎች ላይ በስስ ወረቀት ፊደሎቹን ገለበጠች። ማን ያውቃል? የእሱ እጅ ነው፣ አይደለም እንዴ? «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ያለችግር ወጡ። «መ» ላይ ግን ዙሪያውን ስትቆርጠው ሆዱ ይወድቃል። ቢቸግራት ሁለቱን ሆዶች በፕላስተር መልሳ ለጠፈቻቸውና በማግስቱ ሐሙስ ይዛ ሄደች።

ፕላስተሩ አንድ ክፍለ ጊዜ አልቆየም። አንደኛ ክፍል ውስጥ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ሁሉም «ወላቃ» የሚላት አንዲት ሕፃን አለች። እርሳሱን እንደ ማንኪያ በጡጫዋ ነው የምትይዘው። ላስቲኩን አስገብተው ጣቶቿን አንድ በአንድ ካስያዟት በኋላ ምላሷን አውጥታ «ሀ»ን ነዳች፣ «ለ»ን ነዳች፣ «ሐ»ን ነዳች። ከዚያ «መ» ላይ ደርሳ ቆመች።

«ሆዱ ወጣ» አለች።

«የት አለ?» አለቻት ልጅቷ።

«ኪሴ ውስጥ። ለእማዬ ላሳያት ነው።»

የክበቡ ልጆች በሳቅ ሞቱ። ልጅቷም ልትስቅ ሞከረች፤ ፊቷ እንቢ አላት። ሕፃኗ ግን አልሳቀችም። የተቦደሰውን ካርቶን ደብተሯ ላይ አድርጋ በቀዳዳው ውስጥ እርሳሷን ወዲያና ወዲህ ታንከራትታለች። ደብተሩ ላይ የወጣው ድንች ነው። ወላቃ ድንቹን አይታ ላስቲኩን ከእርሳሱ ላይ አወለቀችና እንደገና በጡጫዋ ያዘች።

አስተማሪዋ ልጅቷን ወደ በሩ ወሰደቻት። አልተቆጣችም። እነዚህ ልጆች አንዴ ተስፋ ከቆረጡ መመለስ ከባድ ነው አለች፤ ደግሞ ሆድ ያላቸው ፊደሎች ገና ብዙ ናቸው፤ «ቀ» አለ፣ «ወ» አለ፣ «ዐ» አለ። ከዚያ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«አባትሽ መላ አያጡም። እንዲያውም ቅዳሜ ራሴ ቤት መጥቼ ላመስግናቸው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ከዳቦ ቤቱ ሥራ ገና አልተመለሰችም። ልጅቷ ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የተቦደሰውን ካርቶን በአባቷ ግራ እጅ አጠገብ አኖረችውና ሁሉንም ነገረችው። የሷን ውሸት፣ ፕላስተሩን፣ ድንቹን፣ ቅዳሜን። የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ያህል በአንድ ድምፅ ነበር የነገረችው።

አባቷ ካርቶኑን አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። የሚቆጣ መስሏት ነበር።

«ድልድይ አልተውሽለትም» አለ።

«ምን ድልድይ?»

ከካርቶን ፊደል ሲቆረጥ፣ አለ፣ ዙሪያውን ሙሉ አይቆረጥም። ሆዱን ከውጭው ጋር የሚያያይዙ ሁለት ቀጫጭን ድልድዮች ይቀራሉ፤ አለዚያ ሆዱ ምን ይይዘዋል? እሱም በልጅነቱ ሥራውን ሲጀምር አንድ ሙሉ ቀን ሆድ ሲለቅም ውሎ አሠሪው ስቆበት ያውቃል። ይህን ሲያወራ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮውን መሰለ። ከዚያ በአፉ ግማሽ ፈገግ አለ።

«ቆይ እስቲ፣ ሚጢጢ። እኔ ሌላ ከተማ ሄጃለሁ፣ አይደል? ታዲያ ይህን ፊደል ማን ጻፈው?»

ልጅቷ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። እናቷ ለደንበኛ ሄዷል ትላለች፤ እሷ ለትምህርት ቤት እየጻፈ ነው ትላለች። ሁለቱ ውሸቶች ተገናኝተው አያውቁም። ቅዳሜ በር ላይ ሊገናኙ ነው።

አዲስ ካርቶንና እርሳስ አመጣችለት። በግራ እጁ ያዘው፤ እርሳሱ ከጣቶቹ መሀል ሾልኮ ወደቀ። አነሳችለት። እንደገና ወደቀ። ኪሷ ውስጥ ከክበቡ የተረፈ ላስቲክ ነበር። አውጥታ እርሳሱ ላይ አስገባችው። አባቷ ላስቲኩን አየ፣ እሷን አየ። ለሕፃናት የተሠራ መሆኑን ነግራዋለች። ፊቱ ሲቀላ አይታ መልሳ ልታወልቀው እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን እርሳሱን ወደ ራሱ ሳበ።

«መ» ለማለት የሚፈጀውን ያህል እንኳ ጊዜ ሳይፈጅ «መ»ን ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። አሁን ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ሆድ ከሌላው ይበልጣል። ድልድዮቹ ግን ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ከ«መ» ቀጥሎ «ቀ»ን፣ «ወ»ን፣ «ዐ»ን ጻፈ። ግንባሩን አላበው።

«በማስመሪያ አቅኚውና ቁረጪው» አለ። «እንዲህ ሆኖ እንዳይሄድ።»

«ቅዳሜስ?»

አባቷ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጭኑ ላይ አስተካከለው።

«ወይ ሄጃለሁ፣ ወይ አለሁ። አንዱን ምረጪ። ያልሽውን እሆናለሁ።»

ልጅቷ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ማስመሪያው በቀኟ፣ ከጓዳ የገለበጠችው ያማረው «መ» በግራዋ ነው። ድልድዮቹን ብቻ ከአባቷ ወስዳ ያማረው ላይ ማድረግ ትችላለች፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አስተማሪዋ ምንም አታውቅም። ለቅዳሜም እናቷ የለመደችውን ትላለች።

ካተሯን አነሳች። የተንቀጠቀጠውን መስመር ተከትላ መቁረጥ ቀጥ ያለውን ከመቁረጥ ይከብዳል፤ እጁ በቆመበት ሁሉ መቆም፣ በዞረበት ሁሉ መዞር ነው። አንድ ቦታ ላይ እርሳሱ አምልጦት ወደ ውጭ የሸሸ ትንሽ ጭረት ነበረች። እሷንም ቆረጠቻት። እዚያ ላይ አንድ ጠብታ ካርቶኑ ላይ ወደቀ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ማልቀስ የሚባል ነገር እንዳለ ረስታ ነበር። ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ወደ ሁለተኛው ሆድ ዞረች።

ዓርብ ጠዋት ካርቶኖቹን ለአስተማሪዋ ሰጠቻት። አስተማሪዋ «መ»ን በጣቷ ገፋ፣ ጫን አደረገችው፤ ሆዶቹ አልወደቁም። ከዚያ የፊደሉን የተንቀጠቀጠ ጠርዝ አየች። በየቀኑ ከፋርማሲው ታፔላ ሥር የምታልፍ ሴት ናት።

«ይህ የአባትሽ እጅ ነው?» አለች በቀስታ።

«የግራ እጁ ነው።»

አስተማሪዋ ካርቶኑን እንደያዘች ቆመች። ከኋላቸው ወላቃ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ እጇን ዘርግታለች፤ የእኔን አምጡ ማለቷ ነው። ልጅቷ «መ»ን ከአስተማሪዋ ተቀብላ ወደ ሕፃኗ ወሰደችው፣ እርሳሱ ላይ ላስቲኩን አስገባችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አስያዘቻት። ሕፃኗ ምላሷን አውጥታ መንዳት ጀመረች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ እርሳሷን አንስታ ተሻገረችና ቀጠለች።

«ቅዳሜ ልምጣ ወይስ ይቅር?» አለች አስተማሪዋ ከበሩ።

«ይምጡ፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከእርሳሱ ሳታነሳ። «ቤት ነው ያለው።»