የመኪና ሰው

ረዲ ኸሊዳን ያወቃት ወገቡን ባመመው ጊዜ ነው።

ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ሲመለስ ዲቾቶ ሳይደርስ የጀመረው ሕመም ሰመራ ሲገባ እግሩ ድረስ ወርዶ ነበር። መኪናውን ከነተሳቢው ከአስፋልቱ ዳር አቆመና በሩን ተደግፎ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊት ለፊቱ ፋርማሲ ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ ሰማያዊ ሂጃብ ያደረገች ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች።

«የወገብ ማስታገሻ ስጪኝ፤ ጠንከር ያለውን» አላት።

«መቼ መቼ ነው የሚያምህ?»

«ስነዳ።»

«የምትነዳውስ መቼ መቼ ነው?»

ረዲ ትንሽ አሰበ። «ሁልጊዜ።»

ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ክኒኑን አውርዳ ከፊቱ አስቀመጠችው፤ እጁን ሲዘረጋ ግን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ባዶ ሆድህን ከዋጥከው ጨጓራህን ነው የሚልጠው። በልተህ ና።»

ረዲ ተናደደ። ይህን ያህል ዕድሜው ሄዶ እንደ ሕፃን ብላ ሲባል! ግን ሄዶ በላና ተመለሰ። ኋላ ሚሌን አልፎ ወደ አዋሽ ሲነዳ አንድ ነገር ትዝ አለው። እናቱ ከሞተች ወዲህ በላህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ረዲ የስልጤ ልጅ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ አጎቱን ተከትሎ አዋሽ ሰባት መጣ፤ መኪና እያጠበ፣ ጎማ እየፈታ አደገና መንጃ ፈቃድ አወጣ። አሁን የሰው መኪና ይነዳል። አዋሽ የተከራየው ክፍል ውስጥ ፍራሽና ሻንጣ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ይደርሳል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል። ሙቀቱ አጥንቱን አድርቆታል፤ ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት በእንቅልፍ የሚለቅ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ በሰመራ ባለፈ ቁጥር መቆም ጀመረ። መጀመሪያ መድኃኒት ይገዛ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ኸሊዳ፣

«ይሄን ሁሉ ቅባት ምን ልታደርገው ነው? ሳትገዛም መግባት ትችላለህ» አለችው።

ኸሊዳ የወሎ ልጅ ናት። ደሴ ተምራ አባቷ ወዳሉበት ሰመራ ተመልሳ ሥራ ይዛለች። አባቷ አቶ አብዱረህማን ከፋርማሲው ማዶ የግንባታ ዕቃ ይሸጣሉ።

አንድ ቀን፣ «ዛሬ መንገድ ላይ ምን አየህ?» ብላ ጠየቀችው።

«አስፋልት።»

«ሌላስ?»

ረዲ ወደ አስፋልቱ ዞር ብሎ አየ። ያን ሁሉ ዓመት ሲመላለስ ከጎማው ፊት ካለው መሬት በቀር ያየው ነገር እንደሌለ ገባውና አፈረ።

በሚቀጥለው ጉዞ ለእሷ የሚነግራት ነገር ፍለጋ ማየት ጀመረ። ገዋኔ አጠገብ የአያሉ ተራራ ጫፉን ደመና ውስጥ ደብቆ አየ። ከአዋሽ አርባ ወዲህ አንዲት ባለ ረጅም ቀንድ ሳላ ግልገሏን አስከትላ አስፋልቱን እስክትሻገር ቆሞ ጠበቃት። የኋላው ሾፌር በጥሩምባ ሲያጣድፈው እጁን በመስኮት አውጥቶ ታገስ አለው። ያየውን ሁሉ ሳይረሳው ሰመራ ለማድረስ በልቡ እየደጋገመ ይነዳል። ኸሊዳ አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጠዋለች። ሲያበቃም አትናገርም፤ ዓይኗን ከፊቱ ሳታነሳ ትቆያለች። ረዲ ያንን ዝምታ ይዞ ነበር እስከ አዋሽ የሚነዳው።

ሽማግሌ ላከ። አቶ አብዱረህማን ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀብለው አስተናገዱና ረዲን ራሱን አስጠሩት።

«አንተን አልጠላሁህም» አሉት። «ሥራህን ነው። እኔም ሾፌር ነበርኩ፤ ወጣትነቴ አሰብ መንገድ ላይ ነው ያለቀው። ልጆቼ ሲወለዱ አልነበርኩም። እናታቸው ስትሞትም አልነበርኩም። መኪናውን ትተህ ሱቄ ግባ። ከዚያ ኒካሁን እናስራለን።»

ረዲ አላመነታም። የደከመ ሰው አረፍ በል ሲባል ምን ይላል? አዋሽ ወርዶ ቁልፉን ለባለንብረቱ አስረከበና ሻንጣውን ይዞ መጣ።

ሱቁ ውስጥ ወንበር ተሰጠው። ሚስማር ይመዝናል፣ ቀለም ይሸጣል። ማታ ጎረቤት ከተማ ሎጊያ በተከራየው ቤት አልጋ ላይ ይተኛል። ወገቡ ተሻለው። ኸሊዳም በየቀኑ ከመንገዱ ማዶ ትታየዋለች። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ይላል፤ ልቡ ግን እንደ ቆመ ውኃ ይከብደዋል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ፀጥ ይላል፤ ያኔ የከባድ መኪና ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ረዲ ሳያስበው ቀና ይላል። ማርሽ የቀየረው ሾፌር ቸኩሎ እንደሆነ፣ ጭነቱ በዝቶ እንደሆነ ከድምፁ ያውቃል። መኪናው ያልፋል፤ እሱም አንገቱን መልሶ ይደፋል።

«ዛሬ ምን አየህ?» አለችው ኸሊዳ አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆማ።

«ሚስማር ሸጥኩ።»

«ሌላስ?»

«ቆርቆሮ።»

አልሳቀችም። «ረዲ፣ እዚህ ተቀምጠሃል እንጂ እዚህ የለህም።»

«ላንቺ ብዬ አይደል የተውኩት?»

«እኔ ተወው አልኩህ? አባቴ አለህ፣ አንተ እሺ አልክ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ስትመጣ ከነአቧራህ ፊትህ ያበራ ነበር። አሁን ታጥበህ፣ ተኝተህ፣ ጠፋህብኝ።»

ሄደች። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልተነጋገሩም። ፋርማሲው በር ላይ ብቅ ስትል ያያታል፤ ስታየው ትገባለች።

በዚያው ሰሞን ለአቶ አብዱረህማን ሴራሚክ ጭኖ ከጅቡቲ ይመጣ የነበረ ሾፌር ሰርዶ ላይ ወባ ጣለው። ሾፌሩን ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ መኪናው እዚያው ቀረ። አቶ አብዱረህማን ከባለመኪናው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ቆዩና ወደ ረዲ ዞሩ።

«ታመጣዋለህ?»

«አመጣዋለሁ፣ ጋሼ።»

የቀትሩን የዙሁር ሰላት ሰግደው አብረው በሚኒባስ ሄዱ። ረዲ ጎማውን ዞሮ አየ፣ ዘይቱን ለካ፣ ጭነቱ የታሰረበትን ገመድ ጎተት አድርጎ ፈተሸ። አቶ አብዱረህማን ጋቢና ውስጥ ሆነው በመስኮት ይመለከቱታል። ሞተሩ ሲነሳ የረዲ ትከሻ ዘና አለ፤ ሰውነቱ የት እንዳለ ያወቀ መሰለ።

ከሰርዶ እስከ ሰመራ አፉን አልዘጋም። «ያችን የአቧራ ሽክርክሪት አዩዋት? ፀሐይ ስትከር ነው የምትነሳው። ይሄ ጥቁር ድንጋይ ጠዋት ጠዋት ወይን ጠጅ ይመስላል። እነዚያ ግመሎች ቤት ነው የጫኑት፤ ሰዎቹ ውኃ ፍለጋ እየተዛወሩ ነው።» ሽማግሌው መንገዱን ትተው እሱን ያዩ ነበር።

«ሱቅ ውስጥ ይህን ሁሉ ጊዜ አብረን ተቀምጠን እንዲህ አውርተህ አታውቅም» አሉት።

ረዲ ደነገጠ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አሰለቸሁዎት።»

«አላሰለቸኸኝም። ለኸሊዳም እንዲህ ታወራላታለህ?»

«አዎ።»

አቶ አብዱረህማን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የሰመራ ቤቶች ከሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ብቅ ሲሉ፣ «እናቷ የፈለገችው ይሄንን ብቻ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ከሞተሩ በላይ በጭንቅ ተሰማ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አንተ የመኪና ሰው ነህ። ለሱቁ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉት።

ጭነቱ ሲራገፍ ረዲ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ መንገዱን ተሻገረ። ኸሊዳ ብቻዋን ነበረች።

«ማንም አልጠየቀኝም ብለሽኝ ነበር» አላት። «ልጠይቅሽ መጣሁ። ወደ መኪናው ልመለስ ነው። እንደዚህ ሆኜ ታገቢኛለሽ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለ ባዶ ካርቶን አነሳች፣ አስቀመጠች።

«ስትሄድ እፈራለሁ» አለች። «አልዋሽህም። ሁልጊዜም እፈራለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንቅልፍ ሲመጣብህ ትቆማለህ። ማንም ቢያጣድፍህ ትቆማለህ።»

«እቆማለሁ።»

«ስትመጣ ደግሞ ሙሉህን ነው የምትመጣው።»

«ኢንሻአላህ።»

ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየችው። ያ የሚያውቀው ዝምታ በመካከላቸው ተመለሰ።

ኒካሁ ታሰረ፣ ሎጊያ ትንሽ ቤት ተከራዩ፣ ረዲም መንገዱን ቀጠለ። መንገዱ አልራራለትም። ሙቀቱ ያው ነው፣ ወደብ ላይ ወረፋው ያው ነው፣ ወገቡም መልሶ ያመው ጀመር። አንዳንድ ቀን አዋሽ አርባ ላይ መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ግንባሩን ይደፋል፤ ለመውረድ እንኳ አቅም ያጣል። ግን የአስር ሰላት ሰግዶ በመኪናው ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ እጁን አይቶ፣ እግሩን አይቶ፣ ከፊቱ የተዘረጋውን ሜዳ አይቶ፣ አልሐምዱሊላህ ይላል። ድሮም ይለው ነበር፤ ያኔ የምላስ ልማድ ነበር።

በረመዳን ዋዜማ ከጅቡቲ ሲመለስ ሰመራ የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ኸሊዳ ፋርማሲውን ዘግታ መንገድ ዳር ትጠብቀው ነበር። ድካሙ ከፊቱ ላይ ይነበባል።

«ወደ ቤት በባጃጅ ልሂድ ወይስ ትወስደኛለህ?»

ጋቢናው ውስጥ ገብታ አታውቅም። እጇን ይዞ ደገፋትና ወጣች። ከተሳቢው ክብደት የተነሳ መኪናው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ኸሊዳ ሁለት እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፋ ወደ ፊት ተጠጋች።

«ከዚህ ላይ ሆነው ሲያዩት እንዲህ ነው እንዴ?» አለች።

«እንዲህ ነው።»

ረዲ ሊነግራት ብዙ ነገር ይዞ ነበር የመጣው፤ አላስፈለገም። ከሎጊያ ወዲያ ሜዳው በሙሉ ቀልቷል፣ ፍየል የሚነዱ ሴቶች ጥላ ረዝሞ አስፋልቱን ይነካል፤ እሷ ሁሉንም ታያለች። ቤታቸው ቅርብ ነበር። ረዲ ቶሎ እንዳይደርሱ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ዝግ አለና፣ የኋላው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ እጁን በመስኮት አውጥቶ እለፍ አለው።