ያልተሰማ ዳጉ

ያዮ የፓርኩ ጥበቃ ስካውት ሆኖ በሠራባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት እንግዳ ጥሎ የተመለሰበት ቀን የለም። የዚያን ቅዳሜ ንጋትም፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዱ ክላሹን አንግቶ፣ ሚኪያስ የሚባል የአዲስ አበባ መሐንዲስ አስከትሎ ወደ እሳተ ገሞራው አፍ የሚያወጣውን ዳገት ጀመረ። በር ላይ ተረኛ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ገአስ «በደህና ተመለሱ» ብሎ ሸኛቸው። ከከተማ የሚመጣው ሁሉ ፀሐይ ስትወጣ ከላይ ሆኖ ፎቶ መነሳት ይፈልጋል፤ ፀሐይዋ ነገ የማትወጣ ይመስል ይጣደፋል።

ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት ቆቆች ይንጫጫሉ፣ ከሩቅም የግመል ደወል ይሰማል። ዛሬ ግን ከእግራቸው ኮቴና በሚኪያስ ቦርሳ ላይ ከተንጠለጠለው የብረት ኮዳ መንኳኳት በቀር ድምፅ የለም፤ ነፋሱም ትናንት ከብት የታረደበትን ግቢ የመሰለ ሽታ ይዞ ይመጣል። ያዮ ደስ አላለውም።

መታጠፊያው ላይ አንድ ሰው ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ በጨለማው አይለይም።

«ዳጉ አለኝ» አለ። ድምፁን ያዮ ያውቀዋል፤ የማን እንደሆነ ግን አልመጣለትም።

በአፋር ምድር መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ፤ አንዱ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ውሃው የት እንዳለ፣ አውሬው የት እንዳደረ የሚታወቀው በዚሁ በዳጉ ነው። ያዮ በዕድሜው አንድም ዳጉ ጥሎ አላለፈም። ሊቀመጥ ሲል ሚኪያስ ክንዱን ያዘው።

«ጋሽ ያዮ፣ በእናትህ፣ ሰማዩ እየቀላ ነው! ስንመለስ ታወራዋለህ።»

«ስመለስ» አለ ያዮ ለሰውየው፣ በጣም አፍሮ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መቶ እርምጃ ሳይሄዱ ከኋላው የሚሰማው ኮቴ የሁለት ሰው ሆነ። ቆመ፤ ኮቴውም ቆመ።

«ሚኪያስ?»

«አቤት።»

ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ኮዳው መንኳኳቱን ተወ። ዞር ሲል መንገዱ ላይ አንድ ጫማ ብቻ ቀርቷል፤ እግሩ ከውስጡ አልወጣም። ከቁጥቋጦው አጥንት ሲሰበር ሰማ፤ ሚኪያስ እናቱን ሲጣራ፣ ጩኸቱም መሀል ላይ ሲበጠስ ሰማ። ያዮ እንግዳውን እየጠራ ሠላሳውን ጥይት ጨለማው ውስጥ አርከፈከፈው። አንድ ረጅም ነገር፣ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ፣ ደም እየተንጠባጠበ፣ በጥይቱ መሀል ሳይቸኩል መጣና ከእንብርቱ እስከ ደረቱ ተረተረው። አንጀቱ ትኩስ እንደሆነ እጁ ላይ ተዘረገፈ። ያ ድምፅ የማን እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ አምና ከአንድ እንግዳ ጋር ወጥቶ «ጎርፍ ወሰደው» የተባለው ስካውት፣ ኪሎይታ።

በዓመቱ፣ ገና ሳይነጋ፣ ገአስ ሁለት እንግዶች አስከትሎ ዳገቱን ወጣ። ከእንግዶቹ ኋላ ያ ረጅም ነገር ይከተላል፤ ያየው ግን ያዮ ብቻ ነው።

«ዳጉ አለኝ!» አለ ያዮ ከኪሎይታ ጎን ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፤ ገአስም ድምፁን የሚያውቀው ይመስል ቆም አለ፣ የቀላውን ሰማይ አየና «ስመለስ» ብሎት አለፈ።