መስኮት በየአገሩ ስሙ

መምህር ባልትሰር ለመንገድ ያዘጋጁት ሻንጣ ግርጌያቸው እንደቆመ፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ራስጌያቸው ያለው የወተት ኩባያ የእንቅልፍ መድኃኒት ይሸታል። መርማሪ ቱማሽ ኮፍያውን አውልቆ በልቡ ጸለየ፤ ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ።

ግድግዳውን የአውሮፓ ካርታ ሸፍኖታል።

«ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ነው» አለ ዲርክ፣ መምህሩን ወደ ሆላንድ ሊወስድ መጥቶ እዚሁ ቤት ያደረው ወጣት የቋንቋ ምሁር፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ስለ አንዲት ቃል ብቻ! ሮማውያን መስኮት ያለው ቤት ሲሠሩ ጎረቤቶቻቸው ነገሩን ከነስሙ ወሰዱ። የእናንተ የተራራ ሰዎች ፋኔስትራ፣ የጣሊያን ፊኔስትራ፣ የፈረንሳይ ፈኔትር። ራይን ወንዝን ተሻግሮ ጀርመን ፌንስተር አለው፣ እኛ ቬንስተር፤ እስከ ስዊድን ዘለቀ። እንግሊዝና ስፔን ግን ስሙን ከነፋስ አወጡለት።»

«ስማው እንግዲህ!» አለ በሩ ላይ የቆመው ጎረቤት ሉሬኝ። «አስከሬን ፊት ትምህርት ይሰጣል! ልፋታቸውን ሊዘርፍ የገደላቸው እሱ ነው፤ እሰረውና እንረፍ።»

«ምላስህን ሰብሰብ አድርግ፣ ሉሬኝ። የውጭው በር እንዴት ነበር?»

«ከውስጥ ተቀርቅሮ ነው ያደረው። ጠዋት እማማ ኔሳ ጠሩኝና ይህን ክፍል አብረን ከፈትነው።»

ከአልጋው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ፣ መዳፍ የምታክል የእንጨት መዝጊያ ተከፍታለች። ከሥሯ ወለሉ ላይ በረዶ ተከምሯል።

«ዲርክ፣ ይህች ምንድን ናት?»

«የጭስ መውጫ አይደለችም እንዴ?»

ሉሬኝ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው።

የሟቹ እህት እማማ ኔሳ ማዕድ ቤት ምድጃው ጥግ ተቀምጠዋል።

«ሌሊት ክፍላቸው ገብተው ነበር?» አላቸው ቱማሽ።

«ወተቱን አፍልቼ እዚሁ ተውኩለት፣ ልጄ። እስከ ጠዋት አላየሁትም።»

ቱማሽ ሁለቱን ወንዶች ጠራቸው።

«መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ዲርክም እማማ ኔሳም እጃቸው ይደርስበታል። ስለዚህ ወተቱ ማንንም አይለይልኝም። ያቺን የነፍስ መውጫ ግን እኛ የዚህ አገር ሰዎች የምንከፍተው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ነፍሱ ወደ አምላኳ እንድትሄድ። የተከመረው በረዶ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የገባ ነው። እንግዲህ መሞታቸውን በሌሊት ያወቀ ሰው አለ። ሉሬኝ ውጭ ነበር። ዲርክ የቃሉን መንገድ ሁሉ ያውቃል፣ የዚያችን መዝጊያ ሥራ ግን አያውቅም። የቀረው...» ወደ እማማ ኔሳ ዞረ። «የቀረው፣ የወንድሙን ነፍስ ዘግቶባት መተኛት ያቃተው ሰው ነው።»

እማማ ኔሳ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

«እንዲሞት አልነበረም። መድኃኒቱን የጨመርኩት የማለዳው አውቶቡስ እንዲያመልጠው ነው። አንድ ቀን ቢያድር ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል ብዬ። ሌሊት ትንፋሹን ልሰማ ገባሁ... የለም።»

«ሉሬኝ ‹እሰረው› ሲል እየሰሙ ዝም አሉ፣ እማማ?» አለ ዲርክ።

«አፌ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ።» ከምድጃው አጠገብ ወዳለው መስኮት ዞሩ። «ወንድሜ ከየአገሩ የመጣውን ሁሉ ‹መስኮትን ምን ትሉታላችሁ?› ይላል። እኔን ግን ‹አንቺ ከዚህ መስኮት ምን ይታይሻል?› ብሎኝ አያውቅም።»

ቱማሽ ካቴናውን ሳያወጣ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ምን ይታይዎታል?»

«መንገዱ» አሉ። «የሚመጣ ሰው በጓሮ በኩል ነው የሚገባው። ከዚህ የሚታየኝ የሚሄደው ጀርባ ብቻ ነው።»