ከአጸደ የተወሰዱት ሁለት ቁራጮች

አጸደ የሞተችው በመጋቢት፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ቁስቋም ሰፈር ባለው በወይዘሮ ሰርኬ ቤት፣ መደብ ላይ ነው። ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ መሸሻ ሲደርስ የቀበሌ ሰዎች ቀድመውት ባለመድኃኒቷን ወይዘሮ ሰርኬን አስረዋቸዋል። አስከሬኑ ግን እንደወደቀ ነው፤ ከወገብ በታች መደቡ በደም ርሷል፤ ራስጌዋ ላይ የሥር ጭማቂ የያዘ ጣሳ ተቀምጧል።

«ገዳዩ እዚያ ጣሳ ውስጥ ነው፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ካሣዬ። «ዛሬውኑ ወደ ላይ እናስተላልፋታለን። ከዚያ በኋላ ቁስቋምን ድጋሚ አታያትም።»

መሸሻ ወደ መደቡ ቀረበ። ምርመራን ያስተማረው ሰው የለም፤ ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ እየሰማ ነው እዚህ የደረሰው። በልቡ አማተበና ጣሳውን አየ። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ከዚህ በፊት አጠጥተዋታል፣ እማማ?»

«ኧረ እኔ አንድም ቀን!» አሉ ሰርኬ፤ እጃቸው የፊጥኝ እንደታሰረ ነው። «ዛሬ ገና መምጣቷ። ደሙ ከጀመረኝ ስድስት ወር አለፈኝ አለች። ሐኪም ከማህፀኔ በር ቆርሶ ወስዷል፤ መልሱ ነገ ነው ሲሉኝ ከረምኩ አለች። ቀድቼ ዞር ስል ተዘረረች።»

የአጸደ ባል፣ ወንድሙ የሚባለው፣ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። መሸሻ ሲያገኘው ከመሸመኛው ጉድጓድ አልወጣም፤ እግሩን ከመርገጫው እንዳነሣ ተቀምጧል።

«በየሰኞው አራት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ትሄድ ነበር፤ ዛሬ ነገ እያሉ ይመልሷታል» አለ። «እኔ ደግሞ፣ ሐኪም ቤት ወዳጅ አበጀሽ እንዴ እያልኩ እስቅባት ነበር።»

«ስትሞት የለበሰችውን ነጠላ አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ለጥምቀት። ለጥለቱ የሚሆን አረንጓዴ ክር ከዚያ በፊት አልነበረኝም፤ የሸማኔዎች ማኅበሩ ያደለን በጥር መግቢያ ነው።»

በማግስቱ ሰኞ መሸሻ ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሄደ። ከሰው አካል የተቆረሰውን ሁሉ ተቀብሎ፣ በስሱ እየከተፈ በመስታወት ላይ የሚያዘጋጀው ታረቀኝ የሚባል የአርባ ዓመት ሰው ነው። መስኮቱ አጠገብ አንድ ወንበር አለ፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«አጸደ... አዎ፣ በኅዳር ናሙናዋ መጥቶልኝ ነበር» አለ ታረቀኝ። «ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።»

«ብዙ ሴት ይመጣብሃል። እንዴት አስታወስካት?»

«ያቺ ቀጭኗ አይደለችም? አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ የምትለብሰው።»

በሩ ተንኳኳ። ታረቀኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ ከግድግዳው ተለጠፈ። የገባችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሰዓቱ አራት ነበር።

«ማን መስሎህ ነው?» አለ መሸሻ።

ታረቀኝ ወንበሩን አየና «እ... ማንም» አለ።

አስከሬኑን የመረመሩት ዶክተር አዲሳለም፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያነቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። መሸሻን ቢሮአቸው አስገብተው በሩን ዘጉ።

«መርዝ የለም። የማህፀን በር ነቀርሳ ነው፤ ትልቅ የደም ሥር በልቶ ደፍቷታል። ግን እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ዕጢው አንድ ነው፣ መልኩ ሁለት። ከፊሉ እንደ ቆዳ የተደራረበ ሕዋስ ነው፤ ከፊሉ ፈሳሽ የሚያመነጭ ሕዋስ።»

«በኅዳርስ ምን አይተው ነበር?»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት ቁራጭ። አንደኛው አንዱን መልክ፣ ሌላኛው ሌላውን። የአንዲት ሴት አልመሰለኝም። ናሙና ተደባልቋል፣ ሴትዮዋ ተጠርታ እንደገና ይቆረስ ብዬ ጽፌ ለታረቀኝ ሰጠሁ። በኋላ ብጠይቀው፣ ብንጠራትም አልመጣችም አለኝ። ያኔ ገና ትንሽ ነበር እኮ። ቀዶ ጥገና ያወጣው ነበር።»

ረቡዕ ዕለት ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰርኬ በጠባቂ ታጅበው መጡ፤ ካሣዬ ከፊት ቆመ።

«ጣሳው አልተነካም፤ ወይዘሮ ሰርኬ ነጻ ናቸው» ሲል ጀመረ መሸሻ። «ታረቀኝ፣ ከኅዳር ወዲህ አላየኋትም አልከኝ። ያየህባት ነጠላ ግን የተሠራው በጥር ነው። በየሰኞው አራት ሰዓት እዚህ መስኮት ስር ስትመጣ ታያት ነበር፤ ሰኞ ዕለት በሩ ሲንኳኳም የመጣችው እሷ መስላህ ነው። ዛሬ ነገ እያልክ የመለስካት አንተ ነህ። የዶክተሯን ወረቀት የት አደረግኸው?»

ታረቀኝ መሳቢያውን ከፍቶ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«እኔ የደባለቅሁት መስሎኝ ነው። አምና እዚህ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ጀላል የናሙና ብልቃጥ ቢሰብር አሻጥር ነው ተባለ። እንደወሰዱት ቀረ። ተደባልቋል የሚል ወረቀት ከወጣ የኔም ነገር አበቃ ብዬ...»

መሸሻ መዝገቡን ገልጦ አስጠጋለት። «አንብበው።»

«ኅዳር ስምንት። የአጸደ። ሌላ... ሌላ የለም።»

«ሠራተኛው ሁሉ ሰልፍ የወጣበት ቀን ነው። በዋዜማውም ምንም አልገባም። የሚደባለቅበት ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ገጽ ለምን አላየኸውም?»

«መግለጡ ራሱ በራሴ ላይ መመስከር መሰለኝ።»

«እኔም መዝገቡን አልጠየቅሁም» አሉ ዶክተሯ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሸማኔው ወንድሙ ወደ ፊት ራመድ አለ። «እኔ ጥጥና ሐር በአንድ ሸማ እሠራለሁ» አለ። «ቆርጣችሁ ለየብቻ ብታሳዩኝ የሁለት ሰው ነው እል ነበር። ግን ሸማው የማን እንደሆነ መጥታ ትነግራችሁ ነበር እኮ። በየሰኞው።»

ሰርኬ የተፈታ እጃቸውን እያሻሹ ወደ ታረቀኝ ዞሩ። «እሑድ ስትመጣ ስላንተ ነገረችኝ። መልሱ ባይመጣም መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ወንበር ያወጣልኛል፣ ደግ ነው አለችኝ።»

ታረቀኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«በቃ አሻጥር ነው» አለ ካሣዬ። «ጻፈው።»

መሸሻ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ጻፈ፤ ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ናሙና አልተደባለቀም። ወይዘሮ ሰርኬ አልገደሉም። ታረቀኝ ሕይወት ሊያድን የሚችል ወረቀት ለአራት ወር ደብቋል፤ ይጠየቅበታል። የደበቀው ግን ፈርቶ ነው።»

«ፈርቶ?» አለ ካሣዬ። «ማንን ፈርቶ?»

መሸሻ ወረቀቱን አዙሮ ብዕሩን ዘረጋለት።

«እሱን እርስዎ ይሙሉልኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሁሉም የካሣዬን እጅ ያዩ ነበር። እጁ ከኪሱ አልወጣም።