የጎሹ ጣሳ

ለይኩን የጓደኛውን የምንይችልን ጣሳ አንስቶ አንዴ እንደተጎነጨ ቀጥ አለ።

ከርከዴ ነው።

ጣሳውን አገላብጦ አየው። የተሳለበት ቀዩ ጎሽ እንደ ወትሮው አፍንጫውን ነፍቶ ያፈጥበታል። ከላይ የኃይል መጠጥ፣ ከውስጥ ግን የጎረቤታቸው የእትዬ ሐሚዳ የቀይ አበባ መጠጥ፣ ከርከዴ፤ ጎምዘዝ ያለ፣ ትንሽ ስኳር ያለበት፣ ጨው ቆንጠር የተደረገበት።

«ማን አባህ ንካ አለህ?» ምንይችል ከኋላ መጥቶ ነጠቀው። ግራ ቀኙን ቃኘ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። የሸሕዲ ፀሐይ ሰውን ተወውና እንሽላሊቶቹን እንኳ በመብራት ምሰሶው ቀጭን ጥላ ውስጥ ተራ አሲዛቸዋለች።

«ይሄ ከርከዴ አይዶል እንዴ?»

«ድምፅህን ቀንስ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ!»

ለይኩን ግራ ገባው። ዓመቱን ሙሉ የጎሹን ጣሳ ይዞ ሲፎክር የከረመው ምንይችል ነው እኮ! የቴኳንዶ ልምምድ ባለቀ ቁጥር ጣሳውን ከቦርሳው ያወጣል፣ ጭልጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ወሬው ይጀምራል። «አንዷን ጠጥቼ ጭቃ የያዘውን ትራክተር በአንድ እግሬ ገፍቼ አወጣሁት። ሁለተኛዋን ስደግም ትራክተሩ ድንበሩን አልፎ ሱዳን ገባ። አሁን እዚያው አግብቶ ይኖራል አሉ።» ልጆቹ ይስቃሉ። ስቀው ሲያበቁ ደግሞ ጣሳውን በጎን ያዩታል። ወሬው ውሸት ቢሆንም ምንይችል ከልምምድ በኋላ እንደነሱ ሲዝል አይተውት አያውቁማ!

ባለፈው እሑድ ለይኩንም አንዱን እውነተኛ ጎሽ ጠጥቶ ነበር። ልቡ እንደ ሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ተንገጫገጨ። እጁ ተንቀጠቀጠ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፤ በማግስቱ እግሩ ከመሬት አልነሳ አለው። አሰልጣኝ ቢያድግልኝ «ከልምምድ በኋላ ውኃ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ!» ይላሉ። ትራክተር ነጂው አጎቱ ታንጉ ደግሞ «ጎሹ ባይኖር ይሄን ሁሉ እርሻ ማን ያርሰው ነበር? ሌሊቱን ዓይኔን ከፍቶ የሚያሳድረኝ እሱ ነው» ይላል። ማንን ይመን? በመጨረሻ ጥፋቱ የጣሳው ሳይሆን የራሱ ነው ብሎ ደመደመ። ጎሹ ምንይችልን ወዶ እሱን የጠላው መስሎት ነበር።

«ለምን ዋሸኸን?»

«ባዶ ጣሳ አገኘሁ፣ ከርከዴዬን ሞላሁበት። በጠርሙስ ይዤ ብመጣ ‹የአሮጊት መጠጥ› ብላችሁ ትስቁብኝ ነበራ! ከዚያ ወሬው ራሱ እግር አወጣ። እኔ ምን ላድርግ?»

«እኔ እኮ ልቤ ልትወጣ ነበር!»

«እሱን ተወውና ወደዚያ እይ።»

ከሜዳው ማዶ፣ በድንኳኑ ጥላ ሥር፣ የአብደራፊው ሰጠኝ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ በፍጻሜው ለይኩንን የሚገጥመው እሱ ነው። ያሸነፈ ዞኑን ወክሎ ለክልሉ ውድድር ባሕር ዳር ይሄዳል። ሁለቱም ጠዋት ከሌሎች ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጋጥመው ዝለዋል። ከሰጠኝ እግር ሥር አንድ ቀይ ጣሳ ወድቋል፤ ሌላው በእጁ ነው።

ምንይችል ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። «ጠዋት ‹ሚስጥሬን› ነገርኩት። ‹እኛ ሸሕዲዎች በግጥሚያ መሃል ሁለት ሁለት ጎሽ ነው የምንጠጣ› አልኩት። አመነኝ! ውኃ እንኳ አልነካም። ኻላስ፣ በቃ፣ ባሕር ዳር ገባህ!»

ለይኩን መሳቅም መቆጣትም አማረው። ይሄ ቀልድ ነው ወይስ ማጭበርበር? ጠጣ ብሎ ያስገደደው የለም። ደግሞስ ጎሹ ለሰጠኝ ቢሠራለትስ? አጎቱን ሌሊቱን ሙሉ እኮ…

እዚህ ላይ ሐሳቡ ተደናቀፈ። አጎቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚከፍተው ዓይኑን ነው። የሚያርሰው ትራክተሩ ነው። የአጎቱ እግር ወንበር ላይ ተዘርግቶ ያድራል። ሰጠኝ ግን ትራክተር የለውም።

«ለይኩን!» አሉ አሰልጣኝ ቢያድግልኝ ከሩቅ። «ጠጣህ ወይ? ግማሽ ሰዓት ነው የቀረህ!»

«እሺ፣ አሰልጣኝ!»

ሰጠኝ ቀበቶውን ሊያስር ሲሞክር አየው። ጫፉ ከእጁ አመለጠ። እንደገና ያዘው፤ እንደገና አመለጠው። ያን መንቀጥቀጥ ለይኩን ያውቀዋል። የእሑዱ ነው።

የምንይችልን ቦርሳ ከፈተና ከርከዴ የተሞላውን ትልቁን የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣ።

«ወዴት ነው? ለይኩን! ፀሐይ መታህ እንዴ?»

ለይኩን ሜዳውን አቋርጦ ከሰጠኝ ጎን ቁጭ አለ።

«ልትሰልለኝ መጣህ?» አለ ሰጠኝ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ሙቀቱ ነው።»

«እሑድ ዕለት እኔም ሙቀቱ መስሎኝ ነበር። ልብህስ?»

ሰጠኝ ደረቱን ዳበስ አደረገ። ለይኩን ክዳኑን ከፈተ፤ ጠላ የሚቀዳ ሰው ሌላውን ከማጠጣቱ በፊት እንደሚያደርገው መጀመሪያ ራሱ ተጎነጨ። ከዚያ አፉን ጠራርጎ ጠርሙሱን ዘረጋለት።

«ምንድን ነው?»

«ከርከዴ። ምንይችል ሲጠጣው የከረመውም ይሄንኑ ነው። ጎሽ የለበትም።»

ሰጠኝ መጀመሪያ ጠርሙሱን፣ ቀጥሎ ማዶ ራሱን ይዞ የቆመውን ምንይችልን አየ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ጠርሙሱን ተቀበለ።

«ቀስ እያልክ ጠጣ» አለ ለይኩን። «ከዚያ አሰልጣኞቹ ጋ አብረን እንሂድና እንንገራቸው። ሐኪም ይይህ። ግጥሚያውንም ያቆዩታል።»

«ቢያቆዩትና ባሸንፍህስ?»

ለይኩን የደከመ እግሩን አየ።

«እንጃ» አለ። የሰጠኝን የተፈታ ቀበቶ ከመሬት አነሳና ያስርለት ጀመር።