መስመሩ ላይ ያልታየው ሳቅ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል... ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ።

ሥራዬ የአንጎል ምርመራ ነው። በሽተኛው ጭንቅላት ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች እለጥፋለሁ፤ የአንጎሉ እንቅስቃሴ ስክሪን ላይ በመስመር ይወጣል። ሰው ሲስቅ የፊቱ ጡንቻ መስመሩን ያተራምሰዋል። ሲጨነቅ ደግሞ መስመሩ ይቀጥናል፣ ይፈጥናል። ስንቱን አይቼበታለሁ፤ አይጠፋኝም።

የዚያን ቀን አልጋው ላይ የተኛችው ታላቅ እህቴ ነበረች።

እትዬ የአባታችን ቀብር ላይ ሳቀች ተብሎ ዘመድ ሁሉ አኩርፏታል። ከዚያ ወዲህም ሳቁ አልተዋትም። ባሏ "አብዳለች" ብሎ ልጇን እናቱ ቤት ወስዶባታል። ሐኪሙ ምርመራ ሲያዝላት፣ እኔው ልሥራላት ብዬ ለመንኩት።

በሩን ዘጋሁ። ዓይኗን እንድትጨፍን ነገርኳት።

ትንሽ ቆይቶ ሳቁ መጣ...

የታፈነ ሳቅ። ቁርጥ የሷ ድምፅ።

ስክሪኑን አየሁ። መስመሮቹ ቀጥነው ይሮጣሉ። ጭንቀት ብቻ... የሳቅ ምልክት የለም።

ሽቦ ለቆ ይሆናል ብዬ ጎንበስ አልኩ። አንዱም አልለቀቀም።

ያኔ ነው ፊቷን ያየሁት።

ከንፈሯ ግጥም ብሏል። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ሳቁ ግን አልቆመም።

"እትዬ..." አልኳት በሹክሹክታ።

"አየህ አይደል? እኔ አይደለሁም።"

እሷ ስታወራ እንኳ ሳቁ አላቋረጠም።

"ማነው ታዲያ?"

"እንጃ። ቀብሩ ላይ ነው የተከተለኝ... ፍታኝና እንውጣ፣ ወንድምዓለም።"

ሽቦዎቹን ነቃቅዬ፣ ደግፌ አስነሳኋት። በሩ ጋ ስንደርስ ሳቁ ቀጥ አለ።

እትዬ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳቁ አልተመለሰባትም። ልጇም ተመልሳላታለች። ዘመዶቻችን ሐኪሙ ያዘዘላት መድኃኒት ሠራላት ይላሉ።

እኔ ግን፣ ያን ቀን እሷን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ ማሽኑን ላጠፋ ተመልሼ ነበር።

ሽቦዎቹ ትራሱ ላይ ተዘርግተዋል። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ይተራመሳሉ... ሰው ከልቡ ሲስቅ እንደሚሆነው።

ክፍሉ ውስጥ ግን ድምፅ የሚባል የለም።

ትራሱ... የሰው ራስ እንዳረፈበት መሃሉ ሰርጉዶ፣ ቶሎ ቶሎ ይርገበገብ ነበር።